ትከሻና ረድፍ፦ በሐዋሳ የተማርሁት የጭፈራ ታሪክ



የዚህ ገጽ ደንበኞች ከእኔ የለመዳችሁት ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጾች፣ ስለ ምርጫና ስለ ክልል አወቃቀር የሚያትት ጽሑፍ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጭፈራ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ሰውየው ምን ነካው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ የጭፈራው ነገር ከአንቀጾቹ ነገር ብዙም እንዳልራቀ ትረዱልኛላችሁ።

ወደ ሐዋሳ የመጣሁት በ2002 ዓ.ም. ለሥራ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ስለሆነ በከተማይቱ የማውቀው ዘመድ አልነበረኝም። ከተከራየሁበት ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የከበሮ ድምፅ እሰማ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ከበር ላይ ቆሜ አየሁ፤ በአራተኛው ገባሁ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ የክልሉ ቢሮ ሠራተኞችና ተማሪዎች። የሚከፍላቸውም ሆነ የሚያሳዩት መድረክ የላቸውም፤ ለፍቅሩ ብቻ ይሰበሰባሉ። የሚመራቸው ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ የሲዳማ ተወላጅ ነው።

እኔም ራሴን ላለማሳነስ «ጋሼ፣ በልጅነቴ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርሁ፤ የሲዳማን ጭፈራ አውቃለሁ» አልሁ። «እስኪ አሳየን» አለኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የተማርሁትን ሁሉ አወጣሁ። ስጨርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ አፏን ሸፍና ሳቀች። ጋሼ ግን አልሳቀም። በጨዋ አነጋገር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ይኼ የማን ጭፈራ ነው?»

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ጥያቄ ነው። የሠራሁት ነገር የሲዳማ እንዳልነበረ በኋላ ገባኝ። ትከሻው የጎንደርና የጎጃም፣ ዝላዩ ከቴሌቪዥን የተቀዳ፣ ልብሱ በአሠልጣኛችን ግምት የተሰፋ ነበር። ታዲያ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አንድም ሲዳማ ሳያውቅ «የሲዳማ ጭፈራ» ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊማር ቻለ? መልሱ በመድረካችን ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ከጭፈራ ወደ ውዝዋዜ

አማርኛችን ሁለት ቃላት አሉት። ሠርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ፣ መስቀል ላይ የምናደርገው ጭፈራ ነው። መድረክ ላይ የሚታየው ውዝዋዜ ይባላል። በጭፈራ ውስጥ ተመልካች የሚባል ሰው የለም፤ ያልጨፈረው ያጨበጭባል፣ ያላጨበጨበው ይቀበላል። ውዝዋዜ ግን የሚያሳይና የሚያይ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የባህል ታሪክ በከፊል ጭፈራ ወደ ውዝዋዜ የተለወጠበት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መነሻው በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። የጣልያን ወረራ በተቃረበበት በዚያ ወቅት ዘፈንና ጭፈራ ሕዝቡን ለአገሩ መቀስቀሻ ሆነው ወደ አደባባይ ወጡ። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ቀጠለ፤ በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። የልዩ ልዩ አውራጃዎች ጭፈራ ከየመንደሩ ተወስዶ፣ አጥሮና ተስተካክሎ፣ በአዲስ አበባ ተወዛዋዦች ለአዲስ አበባ ተመልካች ይቀርብ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት አንድ አዲስ ነገር ታየ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና እምቢልታ በየራሳቸው ዓለም የኖሩ መሣሪያዎች ነበሩ፤ እነሆ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ኋላ ቡድኑን ለረጅም ጊዜ የመራው ተስፋዬ ለማ ይህን ሐሳብ አስፋፋው። ቅንብሩ ውብ ነበር። ሆኖም በዚያ ቅንብር ውስጥ ማን አስተናጋጅ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ብዙ ሰው አልጠየቀም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ ወደ እኔ ቤት ደረሰ። ቀበሌው፣ ፋብሪካው፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ የጦር ክፍሉ ሁሉ ኪነት አቋቋመ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ኪነቶች ስማቸው የገነነው በዚያ ዘመን ነው። ለዓመት በዓልና ለስብሰባ «የብሔረሰቦች ትርኢት» ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይደርሰዋል። እኔም በአሥር ዓመቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጎጃሜም፣ ጉራጌም፣ ወላይታም፣ ሲዳማም ሆኜ አውቃለሁ። ልብስ መቀየሪያው ጊዜ ከጭፈራው ጊዜ ይረዝም ነበር።

የዚህ ዘመን ትልቁ ትርኢት በ1980 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ነው። በ1977ቱ ረሃብ ለረዱን ሕዝቦች ምስጋና እንዲሆን የተዘጋጀው ይህ ጉዞ በተወዛዋዦቹ ብቃት እስከ ዛሬ ይነገርለታል፤ እኔም ቅጂውን ስመለከት ልቤ ይሞቃል። ዳሩ ግን ያ መድረክ እስከ ዛሬ የሁላችንም መማሪያ መጽሐፍ ሆኖ መቅረቱን ልብ በሉ። በርካታ የከተማ ልጆች ደቡብን ያወቅነው በዚያ መስኮት ብቻ ነው።

ሥርዓቱ ሲለወጥ መድረኩ አልተለወጠም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ሲከበር ትርኢቱ በስታዲየም ሆነ፤ ልብሱ ደመቀ፤ ደቂቃው ግን ያው ሦስት ነው። ፊውዳሉም፣ ወታደራዊውም፣ ፌዴራላዊውም መንግሥት በአንድ ነገር ተስማምተዋል፦ ደቡብ ይጨፍር!

የከተማይቱ ረድፎች

ስለ ሐዋሳ ጥቂት ላውጋችሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቁ ዳር የተቀመጠችው ይህች ከተማ ዕድሜዋ አጭር ነው። የተመሠረተችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበታል። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ያን ጊዜ ይርጋለም ነበረች፤ ኋላ ማዕረጉ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የሲዳማ ከብት አርቢዎች ሐይቁን ያጠጡበት፣ ሜዳውን ያሰማሩበት አገር ነው። ከተማይቱ ስትቆረቆር አማርኛ የቢሮና የገበያ ቋንቋ ሆነ፤ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ መሐል ሆነ፤ የመሬቱ ባለቤት ወደ ዳር ሆነ።

በደርግ ዘመን በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ኋላ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከተማይቱ የደቡብ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን ከሃምሳ በላይ የሚሆኑ ብሔረሰቦች ጉዳያቸውን ይዘው የሚመጡባት ቦታ ሆነች። ወላይታው፣ ጋሞው፣ ከምባታው፣ ሀዲያው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ ሰፈር ተሰባጠረ። እኔ የገባሁበት የቅዳሜ ቡድን ቅርጽም የዚህ ውጤት ነበር። ከበሮ መቺያችን ወላይታ ነበር፤ ነርሷ ከምባታ፤ ሁለቱ የቢሮ ሠራተኞች ጋሞዎች።

ይህን ስብጥር ያየ እንግዳ «ሐዋሳ የፍቅር ከተማ ናት» ብሎ ይሄዳል። እኔም ብያለሁ። በሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባል መናፈሻ መንገድ አላት፤ በአሞራ ገደል ዓሣ ይበላል፤ ከታቦር ተራራ ላይ ሆነው ሲያዩአት ደስ ትላለች። ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ግን አንድ ነገር አላስተዋልሁም ነበር። ግንቦት 16 ቀን ቅዳሜ ላይ ቢውል ቡድናችን አይለማመድም። በሌላ ቀን ቢውልም በዚያ ሳምንት ጋሼ አይመጣም። ለምን እንደሆነ ያስረዳችኝ ነርሷ ናት። በ1994 ዓ.ም. በዚያች ቀን፣ የከተማይቱን አስተዳደር ከሲዳማ እጅ ለማውጣት የታሰበውን ዕቅድ በመቃወም የወጡ ሰልፈኞች ሎቄ በተባለው ስፍራ ተተኩሶባቸው ሰዎች ሞተዋል። ጋሼ ስለዚያ ቀን ሲናገር አንድም ጊዜ አልሰማሁም። ከእርሱ ጋር ለሁለት ዓመት ስዘል የእግሩን አጣጣል አጥንቻለሁ፤ የልቡን ግን አላወቅሁም ነበር።

«ትከሻህን አስቀምጥ»

አሁን ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከጋሼ የሰማሁት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፦ «ትከሻህን አስቀምጥ!» እስክስታ የለመደ ሰው ከበሮ ሲሰማ ትከሻው ሳይጠየቅ ይነሣል። እስክስታ ደግሞ ጥንድ ሆነው ቢገጥሙትም ለየት ብሎ መታየትን ይወዳል፤ «እንዲህ ነኝ» ይላል። በዚያ አዳራሽ የሚፈለገው ረድፉ ነው። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ጉልበት ይተጣጠፋል፤ እግር በአንድነት ይነሣል፤ አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። ከረድፉ ቀድሞ የዘለለ ሰው ጎበዝ አይባልም፤ ረድፉን አፈረሰ ይባላል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እቀድም ነበር።

ከእግር የባሰው አፍ ነበር። ሲዳሙ አፎ አላውቅም። ጋሼ የመቀበያ ቃላቱን በፊደላችን ጽፎ ሰጠኝ፤ ልጆቹ የሚማሩት ግን በላቲን ፊደል ነበርና እነርሱ የእኔን ወረቀት ማንበብ ያስቸግራቸው፣ እኔም የእነርሱን። ትርጉሙን ሳልጠይቅ ለሳምንታት ስቀበል ከረምሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ነጂው «ወንድሜ፣ ምን እያልህ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። «ታዲያ የምትቀበለው ምኑን ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከልምምድ በፊት ግማሽ ሰዓት ቋንቋ መማር ጀመርሁ፤ አስተማሪዬም እርሱ ሆነ።

ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት በፊቼ ጫምባላላ በዓል ነው። ላላወቃችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ፊቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑ በቀን መቁጠሪያ አይገኝም፤ አያንቶ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተከታትለው ይወስኑታል፤ ለየጎሣውም ይነገራል። የሲዳማ ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ የሚባሉ አራት ቀናት አሉት። እንደ አፈ ታሪኩ በዓሉ የሚያስታውሰው ከጋብቻዋ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ የምትመጣን አንዲት ሴት ነው፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤት ሁሉ ይካፈለዋል። ሕፃናት በየቤቱ እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ!» ይላሉ፤ ቡሪሳሜ ይቀርብላቸዋል። ሽማግሌዎች ሕዝቡን «ሥሩ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ የአገር ዛፍ አትቍረጡ» ብለው ይመክራሉ። ዩኔስኮ በዓሉን በኅዳር 2008 ዓ.ም. በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ልብ በሉ፤ የበዓሉ መነሻ ታሪክ ራሱ ስለ እንግድነት ነው። ሴቲቱ ወደ ሌላ ቤት የሄደች ናት፤ ስትመለስ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ የተቀበሏትም ብቻቸውን አልበሉም።

በሐዋሳ የአደባባዩ በዓል በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ ይከበራል። በ2004 ዓ.ም. ከቡድኑ ጋር ሄድሁ። ሽማግሌዎችና ጎልማሶች ቄጣላ እየዘመሩ፣ በአንድ እግር እየረገጡ፣ ጋሻና ጦር ይዘው ሲመጡ ሳይ ደሜ ሞቀ። ሁለት ዓመት ተለማምጃለሁና ዘልዬ መሐል ገባሁ። አንድ አዛውንት ክንዴን በቀስታ ያዙኝ፤ ሳይቈጡ፣ ሳያቆሙኝ፣ እየረገጥን ወደ ረድፉ ጫፍ ወሰዱኝ፤ እዚያም አቆሙኝና ተመለሱ። ተቀበልሁ፤ አላወጣሁም። አመሻሹ ላይ ለጋሼ ቅሬታዬን ነገርሁት። «ሁለት ዓመት ለፍቼ ዳር አቆሙኝ» አልሁ። እርሱም፣ «ቄጣላ ትርኢት አይደለም፤ ሰው ሐሳቡን የሚናገርበት ነው። በደሉን፣ ሹሙን፣ ዘመኑን ያነሣበታል። መሐሉ ላይ የሚቆም ሰው የሚያወጣው ነገር ሊኖረው ይገባል። አንተ የምታወጣው ምን አለህ?» አለኝ።

ዝም አልሁ። የማወጣው አልነበረኝም። ፋሮ ላይ ከወጣቶቹ ጋር እንደ ልቤ እዘልላለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። ቄጣላ ግን የዚያ ሕዝብ ምክር ቤት ነው። በሰው ምክር ቤት መቀበል ይቻላል፤ አፈ ጉባኤ መሆን ግን ሌላ ነው።

ከእኔ በፊት የተማሩ

በባዕድ ረድፍ የቆምሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1966 በሰላም ጓድ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን አዲስ አበባ ሲደርስ በማሲንቆ ፍቅር ተያዘ። ከአንድ የማሲንቆ ሊቅ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፤ በአማርኛ መዝፈን ቻለ፤ በመጨረሻም የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አባል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ አሜሪካን ሲዞር አብሮ ተጫውቷል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ፈረንጅ በፍቅር ተቀበሉት። ለምን? ከሙዚቀኞቹ መካከል እንደ ተማሪ ስለ ገባ ይመስለኛል። ታዲያ አንድ ነገር ራሴን ጠየቅሁ፤ አሜሪካዊው ማሲንቆ ለመማር ስንት ወር ተቀምጦ ጣቱን አላላጠ፣ እኔ የአገሬን ልጅ ጭፈራ በአንድ ከሰዓት በኋላ «አውቃለሁ» ያልሁት በምን ድፍረት ነው? ፈረንጁ ባዕድ መሆኑን ያውቃል። እኔ ግን ባዕድ መሆኔን አላውቅም ነበር። «የአገሬ ስለሆነ የእኔ ነው» ብዬ አምን ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1965 ጆርጅ ማርቲን የተባለ የሃንጋሪ የጭፈራ ተመራማሪ ከባልደረባው ባሊንት ሻሮሺ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የሕዝባችንን ጭፈራዎች አጥንቶ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በቡዳፔስት ከተማ ወጣቶች «የጭፈራ ቤት» የሚል እንቅስቃሴ ሲጀምሩ ከዋነኞቹ የዕውቀት አባቶች አንዱ ይኸው ማርቲን ሆነ። እኛ ዘንድ «ጭፈራ ቤት» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእነርሱ ግን ቢራና ቀይ መብራት አልነበረም። የከተማ ልጆች የመንግሥት ቡድኖች ያቀርቡት የነበረውን የመድረክ ውዝዋዜ ትተው፣ ወደ ገጠር፣ በተለይም በሩማንያ ትራንሲልቫንያ ወደሚኖሩ ሃንጋሪዎች መንደር እየሄዱ ጭፈራን ከባለቤቱ መማር ያዙ። ተመልካች የለም፤ የመጣ ሁሉ ይጨፍራል። ዩኔስኮ ይህን ልምድ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሌሎች አርአያ ብሎ መዝግቦታል። የጋሼ የቅዳሜ አዳራሽም ሳያውቀው የዚህ ዘመድ ነበር ማለት ነው።

ከበሮው የቆመባት ሰኔ

ጽሑፌን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ ነበር። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አልቆመም።

በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙዎች ተፈናቀሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እግራችንን ያስማማልን ከበሮ መቺያችን ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ሶዶ ሄደ። ማንም ከቡድናችን ክፉ አላደረገበትም። ማንም ግን በዚያች ሌሊት ደጃፉ ላይ አልቆመም። እኔም አልቆምሁም።

ስልኩ ነበረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወልሁም። «ምን ብዬ?» እያልሁ አሳደርሁት። በመጨረሻ ስደውል ስለ ቤቱም፣ ስለ ንብረቱም አላነሣም። «ልምምድ ተጀመረ እንዴ?» ብቻ ነበር ያለኝ። አልተጀመረም አልሁት። እውነት ነበር፤ እስከ መስከረም አልተጀመረም። ሲጀመርም ከበሮውን አንድ ተማሪ ያዘ፤ ለጥቂት ሳምንታት ሁላችንም እየተሳሳትን ነበር።

ብዙ ጊዜ «ባህል ያቀራርባል፤ አብሮ የጨፈረ አይጣላም» ሲባል እሰማለሁ። ጥናት ማቅረብ አልችልም፤ የማቀርበው ይህችን ሰኔ ነው። አብሮ መጨፈር ሰውን ከዱላ አያድንም። ሰውን ከዱላ የሚያድነው ሕግና ሕግን የሚያስከብር አስተዳደር ነው። አብሮ የጨፈረ ሰው ግን ዕዳ አለበት፤ ቢያንስ የመደወል ዕዳ። እኔ ያን ዕዳ ዘግይቼ ከፈልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄው ምላሽ ሲዘገይ እንደገና ደም ፈሰሰ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ድምፅ ክልልነትን መረጠ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ጥያቄው የተነሣው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ነው፤ ሕጋዊ ነበር፤ ብዙ ዓመት የተጠበቀም ነበር። ጋሼ በዚያ ዕለት ሲያለቅስ አይቻለሁ። ግንቦት 16ን ስለማውቅ ምን እንዳስለቀሰው አልጠየቅሁትም።

በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቶ የነበረው አዳራሽ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ወደ ጋሼ ሄጄ በግልጽ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ አሁን ነገሩ ተለውጧል። እንደ እኔ ያለው ሰው ቢቀር ይሻል እንደሆነ ንገረኝ» አልሁት። ትክ ብሎ አየኝና «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አትዘግይ» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ለሁለት ተከፍሎ ስሙም አከተመ። የክልሉ ቢሮ ሠራተኞች ወደየአዲሱ ክልል ከተሞች ተደለደሉ። ሁለቱ ጋሞዎች ሄዱ፤ ነርሷም ወደ ወገኖቿ ተዛወረች። ዛሬ ቡድኑ በአብዛኛው የሲዳማ ወጣቶች ነው። ከውጭ የመጣን ሦስት ቀርተናል።

የጋሼን ጥያቄ ስመልስ

«ይኼ የማን ጭፈራ ነው?» ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ሁለት መልሶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው «የሁላችንም ነው» ይላል። እኔ ያደግሁት በዚህ መልስ ነው። ቅን ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሳይማሩ ለመውሰድ፣ ሳይጠይቁ መሐል ለመግባት የሚመች መልስ ነው። የኪነቱ አሠልጣኜ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሲዳማን ስም እየጠራ የራሱን ትከሻ ያስተምር እንደነበር ግን አላወቀም። ከተሞቻችንም እንዲሁ ተሠርተዋል፤ በሰው ሜዳ ላይ የራሳችንን አደባባይ አቁመን «የሁላችን» አልን።

ሁለተኛው መልስ «የእኛ ብቻ ነው፤ ደሙ የሌለህ ውጣ» ይላል። ይህ የመጀመሪያውን በደል በሌላ በደል ይመልሳል። የራሱን ክልል ለማግኘት ዘመናት የታገለ ሕዝብ፣ ጎረቤቱ በሌሊት ልጁን አቅፎ ሲሸሽ ዝም ቢል ከትግሉ ክብር ይጐድላል። አንቀጽ 39ን የያዘው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32ንም ይዟል፤ ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ቦታ የመኖር ነጻነት አለው ይላል። አንዱን አንብቦ ሌላውን መዝለል ከረድፉ ቀድሞ እንደ መዝለል ነው።

እኔ በአዳራሹ ያገኘሁት መልስ ከሁለቱም ይለያል። ጭፈራው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሊከበር ይገባል። እንግዳው ደግሞ ቦታ አለው፤ ቦታው ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል፤ መቀበሉ ግን ይሰማል። ቋንቋውን ይማር። ሐዘኑንም ይወቅ። የሚጠበቅበትን ሲያደርግ ደጃፉ ላይ የሚቆምለት ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ደግሞ የባለቤቱ ግዴታ ነው። በ2010 ሰኔ ያጎደልነው ይህን ነው።

ለከተማይቱ አስተዳዳሪዎች አንድ ምክር ብለግስ፣ በዓመት አንድ ቀን ለሚደረግ የስታዲየም ትርኢት ከሚወጣው ወጪ ጥቂቱን ለቅዳሜ አዳራሾች ይስጡ እላለሁ። መድረክ አያስፈልጋቸውም፤ ልብስም አያስፈልጋቸውም። ጣሪያው የማያፈስ አንድ ክፍልና አንድ ከበሮ ይበቃቸዋል። ሲዳሙ አፎን ለመማር ለሚፈልግ የከተማ ነዋሪም የማታ ትምህርት ይክፈቱ፤ እኔን የባጃጅ ሾፌር በነጻ አስተምሮኛል፤ ሁሉም ግን እንደ እኔ ዕድለኛ አይሆንም።

ከበሮ መቺያችን አሁንም ሶዶ ነው። ባለፈው የፊቼ ሰሞን ደወለልኝ። «አይዴ ጫምባላላ!» አለኝ፤ ቀድሞኝ። እኔ ልደውልለት የሚገባ ነበር፤ ግን እርሱ ሁልጊዜም ምቱን ቀድሞ የሚጀምር ሰው ነው። ጋሼ ስልኩን ተቀብሎኝ ረጅም ጊዜ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲጨርስ ስልኩን መለሰልኝና ወደ ረድፌ ጫፍ እንድሄድ በእጁ አመለከተኝ።

ትከሻዬ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይነሣል። ጋሼ ያያል፤ አሁን አሁን ግን ዝም ይለኛል።

ቸር እንሰንብት።